ቀጠሮ ከማን ጋር

አቶ ዘውገ ያለኝ ይኸው ነው በስልኩ፦
"የዕረፍት ቤት ሥሪልኝ፣ ያገሩ ነው መልኩ፤
ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ማንጎው ከበዛበት፣
መዋኛ የማያጣ፣ በረንዳ ያለበት፤
ድንጋዩ የዚያው ይሁን፣ እንጨቱም የዚያው፣
እንግዳዬ ሲገባ 'ጉድ!' ብሎ እንዲያየው።"

ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነሣሁ፣
ጣርማበር ዋሻው ውስጥ መብራቴን አበራሁ፤
ደብረ ሲና ካፖርት፣ አርማንያ ሹራቤን፣
እንደ ሮቢት ሽንኩርት ስልጥ ንብርብሬን፣
ቆላ ገባሁ።

ከተራራው ጥጋት፣ ካርጎባ መንደር ላይ
ሜትሬን ዘርግቼ፣ ቤቶቹን ልለካ፣ ላይ፤
ግንቡ ሁለት ክንድ ነው፣ መስኮቱ ጠባብ፤
በቀትር ብገባ ደረቀልኝ ላብ።

ግንበኛው ጋሽ ኑርዬ ሜትሬን አየና፦
"ይህ የብረት ምላስ መች ያውቃልና!
እኛ ቤት ስንሠራ የምንለካበት
ያባቴ ክንድ ነበር፤
እሱ ሞተ፣ አጠረ የመንደሩ ቤት።"

የራሱ ቤት ፈርሷል። ቆርቆሮ ተጭኗል፣
ሚስማር በከረጢት ደጁ ላይ ተቀምጧል።
"ልጆቹ ናቸው" አለ፣ "ሳሩን ጠሉብኝ፤
ማፍሰሱም፣ መክደኑም፣ እኔንም ሰለቸኝ።"

ምሰሶው ግን አለ፣ ክምር ሥር ተጋድሟል፣
ወይራ ነው፤ ያርባ ዓመት ጭስ ቀለም ሆኖታል።
በቢላዋ የተጫረ ስድስት ጭረት አለው፣
ልጅ በተወለደ ቁጥር አባት ያኖረው።
"አራተኛው እኔ ነኝ።" ጣቱን አስገባበት፣
እንደ ቁልፍና ቀዳዳ ልክ ሆነለት።

ዋጋ ጠየቅሁት።
ዝም አለ። ሚስማሩን ቆጠረ።
ጣራው ሊያልቅ የጎደለው
አሥራ አንድ ቆርቆሮ ነበረ።

ሌሊት ሌሊት ሣልሁ። በረንዳው በቀርከሃ፣
መዋኛው ወደ ወንዙ፣ ውኃ እያየ ውኃ፤
(የሽንኩርት ገበሬው የመስኖ ተራ ሐሙስ ነው፤
መዋኛው ግን ተራ የለውም።)
ለምሥራቁ ነፋስ፣ ካዋሽ ለሚመጣው፣
አንድ በር ተውሁለት፣ ገብቶ እንዲወጣው።

ፕላኑን ዘረጋሁ በመኪናዬ አፍንጫ።
ኑርዬ ጎንበስ አለ፦
"ሰውየው ስንት ቀን ያድርበታል?" አለኝ።
"በዓመት አሥራ አምስት ቀን።" ቀና ብሎ አየኝ።
"ቤት እኮ ይታመማል፣ ሰው ካልሳለበት፤
ምስጥ የሚፈራው ጭስ ነው፤ ምድጃው የታለበት?"

ምድጃ ጨመርሁለት ከሳሎኑ መሐል፤
አቶ ዘውገ በቀይ ሰረዘው፦
"ጣራውን ያጠቁራል።"

ቤቱ አለቀ።
ቆንጆ ነው፤ ለምን እዋሻለሁ፤
ግንቡ ሁለት ክንድ ነው፣
ክንዱን ከኑርዬ ተበድሬያለሁ።
ምሰሶው ሳሎን ቆሟል፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣
ከእግሩ ሥር መብራት ሽቅብ ተለኩሶ በርቶ።
እንግዶች ተደግፈው ፎቶ ይነሣሉ፤
ጭረቶቹን ሲያዩ
"የዲዛይነሯ እጅ፣ አቤት!" ይላሉ።
አንድም ቀን "አይደለም" አላልሁም።

ባለፈው ሚያዝያ፣
ቆርቆሮ ሥር ቀን መቀመጥ በማይቻልበት ወር፣
ጋሽ ኑርዬ መጣ፤ ታጥቦ፣ ነጭ ቆቡን አድርጎ።
ዘበኛው መዝገቡን ገለጠ፦
ስም። ሰዓት። የመጡበት ጉዳይ።
"ቀጠሮዎ ከማን ጋር ነው?"
"ከምሰሶው።"

ዘበኛው የሮቢት ልጅ ነው፤ አልሳቀም።
ጻፈው።
የክፍል ቁጥር በሚለው ላይ ሰረዝ አደረገ።
"ጫማዎን" ሊል ሲል
ሽማግሌው አውልቆ ነበር፣
ቤቱ እንደ ገባ ሰው።

ከታች ወደ ላይ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
አራተኛውን ቫርኒሹ ሞልቶታል፤
ጣቱ አልገባ አለው።
ደግሞ ሞከረ። "ወፍሬያለሁ መሰል" አለና ወጣ።

ዘበኛው ነው የነገረኝ፣ ትናንት ማታ።
ዛሬ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ እየወረድሁ ነው፤
ደብረ ሲናን አልፌያለሁ፣ አርማንያንም፤
ካፖርቴን ማውለቅ ረስቼ።